ፊልክስ የጠበቀው ገንዘብ

ዛሬም የይዞታ ማረጋገጫዬን ጉዳይ ልከታተል ሄጄ ነበር። ፋይሉ «አልተገኘም»። በር ላይ የሚቆመው ጉዳይ አስፈጻሚ ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሳይቀር ያውቃል፤ «የሻይ» ከሰጠሁት እስከ ምሳ ሰዓት ይወጣል። የሻይ ዋጋ መቼ እንዲህ እንደናረ እንጃ!

እምቢ አልኩት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ እየተብከነከንኩ ነው የወጣሁት።

ታክሲ ውስጥ ጳውሎስ ትዝ አለኝ። በቂሳርያ ታስሮ ሳለ ገዥው ፊልክስ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ለዚህም ደጋግሞ እያስጠራ ያነጋግረው ነበር ይላል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24። ገንዘቡ አልመጣም። 2 ዓመት አለፈ፤ ፊልክስ በሌላ ሲተካም ጳውሎስን እንደታሰረ ተወው። ይህ ክፍል ሲሰበክ ብዙም አልሰማሁም። እኛ የምንወደው «እምቢ አልኩ፣ በማግሥቱ ጉዳዬ ተፈጸመልኝ» የሚለውን ምስክርነት ነው።

ባለቤቴ ስነግራት «እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንተ ግን አቤቱታህን ጻፍ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጳውሎስም እኮ በኋላ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ማመልከቻው ተጽፏል፤ ነገ ጠዋት ለበላይ ኃላፊው አስገባለሁ።