በደሴ ከፍታ የነዳጅ ታንክ የት ይቀመጥ?

ሞዴል አውሮፕላን የሚሠሩ የደሴ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ክንፉ ቅርጽና ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ የነዳጅ ታንኩን በተረፈው ቦታ ይወሽቁታል። እኔ ግን እንዲህ ባለ ደጋ ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የታንኩ ቦታ ነው ባይ ነኝ።

በሜታኖል (በአልኮል ዓይነት ነዳጅ) የሚሠሩት ትናንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ የነዳጅ ፓምፕ የላቸውም። ነዳጁን የሚስበው በካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር በሚቀላቀሉበት ክፍል) ጉሮሮ በፍጥነት የሚያልፈው አየር ሲሆን፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በቀጭን ቱቦ ወደ ታንኩ የሚገባው የጭስ ግፊትም ያግዘዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ የነዳጁ ክብደት ግን ያው ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ የታንክ አቀማመጥ ስህተት እዚህ ሞተሩን ያጠፋል።

የታንኩ ወገብ የነዳጁን መጠን ከሚወስነው የካርቡሬተሩ መርፌ ጋር እኩል፣ ወይም እስከ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ካለ ነዳጁ ሞተሩ ቆሞም ሳለ እየፈሰሰ ያፍነዋል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ነዳጅ ያንሰዋል። ሞተሩ ተገልብጦ የሚታሰር ከሆነ ካርቡሬተሩ ስለሚወርድ ታንኩም አብሮ ይውረድ። ርቀቱም ያንኑ ያህል ወሳኝ ነው፤ ከካርቡሬተሩ 20 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የተቀመጠ ታንክ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ሲወጣ 20 ሴንቲሜትር ወደ ታች እንደ ወረደ ይቆጠራል። በተቻለ መጠን ሞተሩ ከሚታሰርበት ግድግዳ ጀርባ ይጠጋ።

ታንኩን በስፖንጅ መጠቅለል ግዴታ ነው፤ ንዝረቱ ነዳጁን አረፋ ካደረገው በቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። በታንኩ ውስጥ ባለው ለስላሳ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ክብደት ነዳጁን ተከትሎ በነጻነት መንቀሳቀስ አለበት። ታንኩን ገልብጣችሁ ስታንቀሳቅሱት ክብደቱ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል፤ ካልተሰማ ከፍታችሁ እዩት። ከበረራ በኋላ የቀረውን ነዳጅ ካልደፋችሁት ሜታኖሉ ይተንና ለማለስለሻ የገባው የጉሎ ዘይት ክብደቱን ከግርጌው ያጣብቀዋል።

የአውሮፕላኑ የፊትና የኋላ ሚዛን የሚፈተሸው በባዶ ታንክ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ከ200 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ይህ ክብደት ከአፍንጫው በኩል ሲያልቅ አውሮፕላኑ ወደ ጭራው ያደላል፣ ጭራው የከበደ አውሮፕላን ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ በሚያርፍበት ሰዓት ለመቆጣጠር እጅግ ያስቸግራል።