የሚቀመጡበት ሥዕል

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ እዚህ ዱባይ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ወንድሟ የሳለበትን በርጩማ በስልኳ አሳየችኝ። በእጅ የተሠራች ትንሽ የእንጨት በርጩማ ናት። ባንግኪቶ ይሏታል። እናቶች ልብስ ሲያጥቡ ቁጭ የሚሉባት ዓይነት።

መቀመጫዋ ላይ ጂፕኒ ተስሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተዋቸው ከሄዱ ጂፖች የተጀመረው፣ በቀለም ያሸበረቀው የሕዝብ ማመላለሻቸው።

«እና ሰው ይቀመጥበታል?» አልኳት።

«ለመቀመጫ አይደል እንዴ የተሠራው!»

ቀለሙ እንዳይላላጥ ቫርኒሽ ደራርቦበታል። ሌላ ፎቶ ከፈተች። በርጩማዋ ተገልብጣለች፤ ስሙን የጻፈው ከሥር ነው። ላዩ የተቀማጩ ነው ብሎ። ይቺን ነገር ቀኑን ሙሉ ሳስባት ዋልኩ።

ላጉና በሚባለው የፊሊፒንስ ክፍለ ሀገር ውስጥ ፓዬቴ የምትባል ከተማ አለቻቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የእንጨት ቅርጽ መዲና ተብላ በፕሬዚዳንት ደረጃ ታውጆላታል። ባለሙያን እንዲህ ማክበር እንዴት ደስ ይላል!

የኛም የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ያለ አንድ ሚስማር በሦስት እግሩ ይቆማል። እኔ ግን የጠራቢው ስም ያለበት አይቼ አላውቅም። ከሥሩም ቢሆን ቢጻፍ እንዴት በወደድኩ።