ዘጠኙ ጊጋ የት ሄደ?

ሰኔ 28 ቀን፣ በጀት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሂሳብ ክፍሉ ጋሼ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ቢሮዬ ገቡ። ሲ ድራይቩ ቀልቷል። ባዶ ቦታው ግማሽ ጊጋ እንኳን አይሞላም።

«ጠቅላላው ስንት ነው የሚለው?» አሉኝ።

«119 ጊጋ ነው ጋሼ።»

«እኔ በሞዴል 22 ፈርሜ የወሰድኩት 128 ነው። ዘጠኙ የት ሄደ?»

የዲስኩ አምራች በ1000 እንደሚቆጥር፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 እንደሚያካፍል በወረቀት ላይ እያሰላሁ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው ትላለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ንብረት ክፍልም ሲጎድልበት የሚለው ይህንኑ ነው።»

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም እምላለሁ። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዘጠኝ ጊጋ የበላሁ ያህል እየተሸማቀቅኩ ነው የሠራሁት።

ጊዜያዊ ፋይሎቹን ጠረግኩ፣ ቅርጫቱን ባዶ አደረግኩ፤ ሦስት ጊጋ እንኳን አልሞላም። ቦታውን የያዘው ማን እንደሆነ ግን ፊት ለፊት ይታየኛል፦ «የልጄ ሰርግ» የሚል ፎልደር፣ 38 ጊጋ፣ ካሜራ የያዘው ልጅ ሳያቀናብር ያስረከባቸው ቪዲዮ። ጥር ላይ እዚያው ሰርግ ተቀምጬ ጥሬ ሥጋ ስቆርጥ የዋልኩት እኔ፣ በምን አፌ «ይህን ያንሱልኝ» እላለሁ? ወደ ሌላ ዲስክ እንዳላዛውረው ደግሞ ዲስክ የለንም። ኤክስተርናል ዲስክ ይገዛልን ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ «የበጀት ኮድ የለውም» ተብሎ የተመለሰው ከማን ጠረጴዛ እንደነበር አልናገርም።

እናም ሰርጉን ዘልዬ የሃይበርኔሽኑን ፋይል አጠፋሁ። በአንድ መስመር ትእዛዝ ስድስት ጊጋ ተለቀቀ።

«ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» አሉ ፊታቸው በርቶ።

«ከማይጠቅም ፋይል ነው ጋሼ።»

ፋይሉ የሚጠቅመው ባትሪ ሲያልቅ ነው። ማሽኑ ሊጠፋ ሲል በራም (በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ላይ ያለውን ሁሉ እዚያ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ሲነሳ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከዝናቡ ጋር መብራት ሄደ። እሳቸው በባትሪ ሲሠሩ ቆይተው፣ ሥራቸውን እንደ ከፈቱት ለስብሰባ ተጠሩ። ሲመለሱ ባትሪው አልቆ ላፕቶፑ ጠፍቷል። ኤክሴል በየ10 ደቂቃው በራሱ የሚይዘው ቅጂ ያድነን ነበር፤ ግን ዲስኩ ሞልቶ ማሽኑን እያንቀራፈፈ ሲያስቸግራቸው ባለፈው ወር ያጠፋሁላቸው እኔው ነኝ። የአራት ሰዓት ሥራ ውኃ በላው።

ሰኔ 30 ጠዋት ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያ የማይጠቅመው ፋይል ስሙ ማን ነበር?»

«ሃይበርፊል ነው፣ ጋሼ።»

ፊደል በፊደል አስቆጥረው ጻፉት። ከጎኑ ቀኑንና ስሜን ጻፉ።

አዲሱ በጀት ሲለቀቅ 256 ጊጋ ዲስክ ተገዛ፤ የበጀት ኮድ ተገኘለት። ሳይፈርሙ በፊት «ገጥመህ አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ሞዴሉ ላይ ከ256 ጎን በቀይ እስክሪብቶ «በቆጠራ 238» ብለው ጽፈው ፈረሙ። መጀመሪያ የተገለበጠበት ሰርጉ ነው።