ያለውን አትንካብኝ

ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት መስመር ላይ ተፋጥጬ ከረምኩ። ኮድ እንኳን አይደለችም፣ የሶፍትዌራችንን ሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን) ስናወጣ ለየትኞቹ ማሽኖች ቢልድ ይደረግ (ይዘጋጅ) የሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለች "32 ቢት" የምትል መስመር ነች፣ የዛሬዎቹ 64 ቢት ከመለመዳቸው በፊት ለነበሩት አሮጌ ኮምፒውተሮች ማለት ነው፣ ብሰርዛት ግማሹ ራስ ምታቴ ይለቀኛል፣ ግን እጄ ዲሊት ላይ ሲደርስ የአንድ ሰው ፊት ድቅን ይልብኛል።

ለማታውቁት፣ ሶፍትዌሩ ትንሽ ነገር ነው። ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል አለ አይደል፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የፈረንጅ ፊደልና ቅንፍ ምናምን ተደባልቆ የሚመጣው፣ እሱን ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ የምንሠራው ሦስት ሰዎች ነን፣ ሦስታችንም ሌላ የእንጀራ ሥራ አለን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ ከዛ በፊት (ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት) አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበር ያለው፣ ፊደሉ ከነዲቃላው ከነቁጥሩ አልገባ ሲል እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፣ አንዱ ቅጥሉን ለብቻ ሠርቶ ጎኑ ላይ ይለጥፋል፣ አንዱ ለሁለት ፎንት ይከፍለዋል። የኛ ሥራ ያንን ሁሉ ሠንጠረዥ መፍታት ነው። እወደዋለሁ ሥራውን፣ እውነት ለመናገር።

የ32 ቢቱ ጣጣ ግን ሌላ ነው። የምንጠቀምበት አንድ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) 32 ቢት ከተወ ቆየ፣ ከዛ ወዲህ አሮጌውን ቨርዥን እኔ በእጄ እየጠጋገንኩ ነው የምይዘው። መጠገኑ ባልከፋ፣ የሚሞክረው ሰው የለም፣ የሁላችንም ላፕቶፕ 64 ቢት ነው። አንዴ 32 ቢቱ ላይ ብቻ ትልቅ ፋይል ሲከፈት ቀጥ የሚል ባግ ይዘን ሪሊዝ አወጣን፣ አራት ወር ሙሉ ማንም ትንፍሽ አላለም። እንግዲህ ይሄ ዝምታ ምንድነው? የሚጠቀም ሰው የለም ማለት ነው ወይስ የሚጠቀሙት ሰዎች ባግ ሪፖርት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም? ዳውንሎዱን ቁጠር አሉኝ። እዚ ባህር ዳር ዳታ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ እኮ ሶፍትዌሩ በፍላሽ ነው ከሱቅ ሱቅ ይዞር የነበረው፣ ምኑን ነው የምቆጥረው።

ቴሌግራም ላይ ሦስታችን ስንነታረክ አንደኛው "ደቢያን የተወውን እኛ ምን ቤት ነን" አለ። እውነቱን ነው፣ ደቢያን በሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነጻ ሥርዓት ነው፣ ነሐሴ 2017 ላይ 13ኛው ሲወጣ ለ32 ቢት ፒሲ ኢንስቶለርም ከርነልም (የሥርዓቱ እምብርት) አላዘጋጀም። ከዛ በፊትም ሊኑክስ ራሱ በፈረንጅ 2012 መጨረሻ 386ን (የኢንቴልን አሮጌ 32 ቢት ፕሮሰሰር) ሰርዟል፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሲጀምር የጻፈው 386 ላይ እንደነበር ልብ በሉ። ምክንያታቸው ዕድሜው አልነበረም፣ 386 የብዙ ፕሮሰሰር ሥራ የሚፈልጋቸው አንዳንድ ትእዛዞች ስለሌሉት ለሱ ሲባል ልዩ ኮድ ይያዝ ነበር፣ እዛ አካባቢ ያለውን ኮድ የነካ ሁሉ ስለ 386 መጨነቅ ነበረበት። ኢንቴል እንኳን ማምረቱን ያቆመው ቀድሞ፣ በፈረንጅ 2007 ላይ ነው። ሊነስም ምንም አልተከዘም፣ እንኳን ሄደ ዓይነት ነገር ነው ያለው። ግን 386ን የሚያስነሳው የመጨረሻው ከርነል፣ 3.7፣ ዛሬም ዳውንሎድ ይደረጋል። ይቺን ነገር ያኔ ዝም ብዬ ነው ያለፍኳት።

ሐሙስ ከሰዓት ፊታቸው ድቅን የሚልብኝ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ከጊዮርጊስ ወዲህ የዘንባባውን መንገድ ይዤ በእግሬ፣ ጣና በኩል ንፋስ ነበር። (ታንኳና ሞተር ጀልባ ጎን ለጎን ቆመው አይቼ ላመሳስል ቃጥቶኝ ነበር፣ ይቅር።) ጋሼ ማመልከቻና ውል ይጽፋሉ፣ ፎቶ ኮፒም አላቸው፣ ቤቷ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ አግዳሚ ወንበር ስትይዝ ሞላች። ኪቦርዱ ላይ ፊደል የሚባል አልቀረም፣ ተፍቋል፣ ሦስት ቁልፍ ላይ ብቻ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አርገዋል፣ ለምን እነዛ ሦስቱ እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ድሮ የጻፏቸው ውሎች በሙሉ አንዱ ማሽን ላይ አሉ፣ ሰው ውሉ ጠፍቶበት ሲመጣ ፈልገው፣ በኛ ሶፍትዌር ቀይረው፣ አትመው ይሰጣሉ።

ሊኑክስ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት። 32 ቢቱን። ፔንቲየም 4 ናቸው፣ ሁለቱም አሮጌ፣ በቃ 32 ነው ብዬ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንደኛው ላይ የፕሮሰሰሩን መረጃ የያዘውን ፋይል ከፍቼ ፍላግስ የሚለውን ረጅም መስመር (ፕሮሰሰሩ የሚችላቸው ነገሮች ዝርዝር) በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ "ኤልኤም" የምትል አገኘሁ። ሎንግ ሞድ፣ 64 ቢት ይችላል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም 4 አይችሉም፣ በኋላ ከወጡት ውስጥ ግን የሚችሉ አሉ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ነው የተሸወድኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚ ማሽን ብዬ ስጠጋግን ከርሜ ለካ ማሽኑ አልጠየቀኝም።

"ምን ሆንክ አንተ?" አሉኝ ፊቴን አይተው።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ለካ 64 ነው።"

"ታዲያ በሽታ ነው?"

ሁለተኛው ላይ ፈለግኩ፣ የለም። ውሎቹ ያሉት ደግሞ እሱ ላይ ነው፣ ይሄ የኔ ዕድል ነው። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፣ ከአሁን በኋላ አዲስ የምናወጣው እዚ ላይ አይሠራም፣ ይቅርታ ምናምን እያልኩ፣ ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

"ያለው ይጠፋል?"

"አይ፣ እሱስ አይጠፋም።"

"አዲስ ስጠኝ ብዬህ አውቃለሁ? አምና አሻሻልኩት ብለህ መጥተህ ፕሪንተሩን ሁለት ቀን አስቆምክብኝ። ያለውን አትንካብኝ እንጂ ሌላውን እንደፈለክ።"

እንዴት እንደሳቅኩ። እኛ ቴሌግራም ላይ እንተው አንተው ብለን ስንጨቃጨቅ ሰውዬው የሚፈሩት አፕዴት መቅረቱን ሳይሆን መምጣቱን ነው።

አርብ ማታ ሰረዝኳት። ከመሰረዜ በፊት ግን ያቺን የትልቅ ፋይል ባግ ጠግኜ የመጨረሻውን 32 ቢት አወጣሁ፣ ዳውንሎዱም ከቦታው እንዳይነሳ ተስማማን። እዛው ውስጥ አንድ ድሮ ማድረግ የነበረብኝ ነገር፣ የፎንቶቹን ሠንጠረዥ ከፕሮግራሙ አውጥቼ ለብቻው ፋይል አረግኩት፣ ነገ አዲስ ፎንት ብንፈታ ይሄ የመጨረሻው 32 ቢትም ያነበዋል፣ ቢልድ አያስፈልገውም። ግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ተናድጃለሁ። 64 ቢት የሚችለውን ማሽን ግን አልነካሁትም፣ ራሙ 1 ጊጋ ነው፣ 64 ላይ እያንዳንዱ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ከ4 ባይት ወደ 8 ስለሚሄድ ሜሞሪ ይበላል፣ ለጋሼ የሚጨምርላቸው ነገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት በሲዲ ጽፌ ወሰድኩላቸው፣ ሁለት ኮፒ። ጋሼ ማርከር አውጥተው በዛ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ሁለቱም ላይ "የመጨረሻው" ብለው ጻፉና የማኅተም ቀለም ካለበት መሳቢያ ከተቱት።

"ስንት ልክፈልህ?"

"ጋሼ፣ ነጻ ነው አልኩዎት እኮ።"

"እሱንማ ከድሮም ብለኸኛል፣ ሲዲውን ነው የምልህ።"