እኔ የአየር ሰው ነኝ

ኮምፒውተር ስገጣጥም ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ከሚያበርደው የውሃ ማቀዝቀዣ ጋር አልዋደድም። መስታወት ኬዝ ውስጥ ሲያበራ ያምራል፤ ፓምፑ የቆመ ቀን ግን ሥራም አብሮ ይቆማል። የአየሩ ፋን ቢበላሽ ሌላ ፋን ገዝቶ መቀየር ነው።

ጥር ሊገባ ሲል አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ጋሼ ኮምፒውተር ሊያስገጥሙ ሱቃችን መጡ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 5900ኤክስ ነው። ማቀዝቀዣ አብሮት አይመጣም።

"ጋሼ፣ ባለ ሁለት ፋን ትልቁ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዎታል" አልኳቸው። "ውሃውም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ሙቀቱን የሚያራግፈው አየር ላይ ነው።"

አለቃዬ ከባንኮኒው ጀርባ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ባለ 240 ሚሊሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ዓመት ሞልቶታል። "መኪናም የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው ጋሼ" አለ። በቃ፣ ተሸጠ።

እያኮረፍኩ ገጠምኩት። የኬዙ ጣሪያ ስለጠበበኝ ራዲያተሩን፣ ውሃው ሙቀቱን የሚያራግፍበትን፣ ከታች የኬዙ ወለል ላይ አሰርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ኮምፒውተሩን በታክሲ ጭነው ከች አሉ። "ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ላወጣ ሬንደር ላይ ሳስገባው እንደ ሽሮ ይንተከተካል!"

አስነሳሁት። 90 ዲግሪ ደርሶ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ጆሮዬን ፓምፑ ላይ ስለጥፍ ጉርጉር ይላል። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። "አላልኩም?" ልል አፌን ስከፍት ዓይኔ ራዲያተሩ ላይ አረፈ። ከታች። አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሁሉም በላይ ያለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመው ፓምፕ ነው። እንዲህ እንዳይገጠም ማኑዋሉ ላይ በሥዕል ጭምር አለ። ያኔ ማኑዋሉንም አኩርፌው ነበር።

"ምን ሆኖ ነው?"

"አየር ገብቶበት ነው ጋሼ።"

ዝም ብለው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ አየር ይሻላል ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

አለቃዬ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ። አየሩ እኮ ድሮም ውስጡ ነበረ፤ ወደ ፓምፑ የሰደድኩት እኔ ነኝ። ይህንን አልነገርኳቸውም።

ራዲያተሩን ከፊት አቆምኩት፣ ቱቦዎቹን ወደ ታች አዞርኩ። ጉርጉሩ ጠፋ። ያንኑ ሠርግ ሬንደር ስናደርግ ሙቀቱ ከ74 አላለፈም። ለውሃ አሪፍ ነው። አሁንም የሚጠይቀኝን ሁሉ አየር ይሻላል እላለሁ።

አለቃዬ የጥገና ብሎ 500 ብር ተቀበላቸው። ጋሼ ሲወጡ "ለሻይ" ብለው መቶ ብር ኪሴ ከተቱልኝ። ሻዩን ጠጣሁት።