ከረግረግ ዳር የታጨደው ሣርና የላሜ ጉበት

ሐዋሳ በሚገኘው ግቢዬ የማረባቸው ሁለት ዲቃላ ላሞች ለግጦሽ ወጥተው ስለማያውቁ፣ የጉበት ትል ሜዳ ላይ የሚውሉ ከብቶች በሽታ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው በጋ ግን ድርቆሽ ስለተወደደ ከታኅሣሥ ጀምሮ በጥቁር ውሃ በኩል ከረግረግ ዳር የታጨደ እርጥብ ሣር እየገዛሁ አበላኋቸው። በየካቲት አንደኛዋ ከሳች፤ ወተቷም ቀነሰ። እበቷ ቢመረመር ምንም ስላልተገኘ መኖ ያነሳት መስሎኝ ፉርሽካና ፋጉሎ ጨመርኩላት። ለፋሲካ ወተት ፈላጊ በበዛበት ሳምንት አገጯ ሥር አብጦ አየሁ፤ እበቷ በድጋሚ ሲመረመርም የትሉ እንቁላል ታየ።

የየካቲቱ ምርመራ ስህተት አልነበረም። ከእበት የወጣው እንቁላል እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ወደ ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብቶ ከተራባ በኋላ ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል። ላሟ ከሣሩ ጋር ስትውጠው አንጀቷን በስቶ ወደ ጉበቷ ይገባና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጉበቱን እየቦረቦረ ወደ ሐሞት ቧንቧ ይደርሳል፤ እንቁላል የሚጥለውም ከተዋጠ ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ከምርመራው ይቀድማል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የደጋውም የቆላውም የጉበት ትል፣ ማለትም ፋሺዮላ ሄፓቲካና ፋሺዮላ ጃይጋንቲካ፣ ሊኖሩባት ይችላሉ።

ይህን የምጽፈው «ላሜ የተፈጥሮ ሣር ብቻ ነው የምትበላው» የሚለውን ቃል እንደ ጤና ማረጋገጫ የሚወስዱ ሰዎች ስለበዙ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ፣ ማለትም በተፈጥሯዊ መንገድ የማርባት፣ ደንብ ላሞች ሁኔታው እስከፈቀደ ድረስ መጋጥ አለባቸው፤ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ለመከላከያነት አይሰጣቸውም፤ የታመመች ላም ግን ትታከማለች፤ ከሕክምናው በኋላም ወተቷ የማይሸጥበት ጊዜ ከመደበኛው እጥፍ ይሆናል፣ ከ48 ሰዓትም አያንስም። ኦርጋኒክ ላም እንግዲህ ከትሉ ጋር የምትገናኝበት ዕድል ሰፊ ነው፤ በረት ውስጥ የምትቀለብ ላምም ሣሩ ከረግረግ ከመጣላት ከበሽታው አትድንም፤ የእኔዋ ምስክር ናት። ለእኔ ከአረባቡ ስም ይልቅ ሣሩ የበቀለበት መሬት ይበልጥ ይናገራል።

መድኃኒቱም በጥንቃቄ ይመረጣል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ሐሞት ቧንቧ የደረሰውን ያደገ ትል ብቻ ነው። ትሪክላቤንዳዞል ታዳጊውንም ይገድላል፤ ነገር ግን ወተቷ ለሰው በሚሆን ታላቢ ላም ላይ በብዙ አገሮች ተከልክሏል። ሐኪሙ ለታመመችው ላሜ አልቤንዳዞል አዘዘላት፤ ወተቷንም እሱ እስከወሰነልኝ ቀን ድረስ ደፋሁት። ሁለተኛዋ ስትነጥፍ ትሪክላቤንዳዞል ይሰጣታል። ከረግረግ የመጣውንም ሣር፣ ፀሐይ በደንብ ሲያደርቀው በላዩ ያለው እጭ ስለሚሞት፣ ሳላደርቀው አልሰጣቸውም።