የወፏ ማሳ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የዴንማርክን እርሻ በኮምፒውተር ሳስመስል ዋልኩ። የአርሁስ ዩኒቨርሲቲው አልማስ (ALMaSS) የተባለ የኮምፒውተር ሞዴል እያንዳንዷን ወፍ ለየብቻ ይከታተላል፤ ትመገባለች፣ ትፈለፍላለች፣ ትሞታለች። ገበሬውም በዚያው መሬት ላይ ያርሳል፣ መድኃኒት ይረጫል፣ ያጭዳል።

ስካይላርክ የተባለችው ትንሽ የማሳ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ነው። ከበረዶው ወራት በፊት የተዘራ ስንዴ ግን በግንቦት ረዝሞና ጥቅጥቅ ብሎ መግቢያ ያሳጣታል። ያኔ በትራክተር ጎማ መስመር ዳር እንቁላሏን ለመጣል ትገደዳለች፤ ቀበሮም የሚመላለሰው በዚያው መስመር ነው! የመዝሪያውን ወቅት እየቀያየሩ ውጤቱን ማየት የሚቻለው እንዲህ ባለ ሞዴል ነው፤ በእውነተኛ ማሳ ብንሞክረው ዋጋውን የምትከፍለው ወፏ ናት።

ሐሳቤ ግን ነገሌ ቦረና ነበር። እዚያ አቅራቢያ በሊበን ሜዳ ያለችው የስካይላርክ ዘመድ፣ ሊበን ላርክ የተባለችው ወፍ፣ በእርሻና በልቅ ግጦሽ ምክንያት ከምድር ልትጠፋ ተቃርባለች። ለእሷም እንዲህ ያለ ሞዴል መሥራት እፈልጋለሁ። ስለ ሜዳው የግጦሽና የእርሻ መረጃ ያላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።